በሰፊ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ስለ ማከፋፈል

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መሠረቱን፥ ቀጥሎም ምሰሶውንና ጣራውን ያስባል። በሩ ወደ የት እንዲከፈት፥ ጢሱ በየት እንዲወጣ፥ የክረምት ውኃ በየት እንዲወርድ ከሽማግሌና ከዐናጢ ጋራ ይመክራል። የኤሌክትሪክን ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ግድግዳው ተመርጎና ተለስኖ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የመብራት ሠራተኛ ይጠራና «በእልፍኙ አንድ ሶኬት፥ በመኝታ ቤቱ አንድ ሶኬት፥ በወጥ ቤቱም ሌላ አውጣልን» ይባላል። ሠራተኛውም ከቀረበው ሽቦ ላይ እየቀጠለ ያወጣል። ነገር ግን ሶኬቱ በዛ ማለት ኀይሉ በዛ ማለት አይደለም። አንዱ ቀጭን ሽቦ የሁሉን ሸክም ተሸክሞ ይግላል፤ የፕላስቲክ ልባሱ ይቀልጣል፤ በመጨረሻም የብዙ ዓመት ድካም የሆነው ቤት በአንድ ሌሊት ዐመድ ይሆናል።

ይህ አደጋ ይልቁንም በሰፊ ቤት ይበረታል። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ላይ ባሉት፥ ቀድሞ የአውራጃ ዋና ከተሞች በነበሩት በቢቸናና በሞጣ፥ ሰፊ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ በመንገድ በኩል ሱቅ፥ በመካከል እልፍኝና መኝታ ቤት፥ በጓሮ በኩል ደግሞ ወጥ ቤትና የሚከራይ ክፍል ያለው ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ሥር ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱን ከመለሰኑ በፊት መስመሩን እንዴት ማከፋፈል እንደሚገባው ሊያውቅ ይገባዋል።

ስለ ኀይሉ ምንጭ

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራት መዠመሪያ የበራው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፥ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነው። ጎጃምን እንደ መቀነት የሚዞረው የዐባይ ወንዝም በ1956 ዓ.ም. በጢስ ዐባይ ኤሌክትሪክ መስጠት ዠመረ። ከዚያ ወዲህ የጣናን ውኃ የሚቀበለው የበለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ጨመረ። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት እንዲችል ሆኖ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ይሁን እንጂ ወንዙ ምንም ቢሞላ ወደ ጓሮ የሚገባው ውኃ በቦዩ ልክ ነው። ከቦዩ ልክ በላይ የተለቀቀ ውኃ አትክልቱን አያጠጣም፤ ቦዩን አፍርሶ ማሳውን ያጠፋል እንጂ። በቤት ውስጥም ቦዩ ሽቦው ነው። የግድቡን ልክ የሚወስነው መንግሥት ሲሆን፥ የሽቦውን ልክ የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው።

ስለ ቮልት፥ ስለ አምፔርና ስለ ዋት

ኤሌክትሪክን ለመለካት ሦስት መስፈሪያዎች አሉ። ቮልት ኮረንቲውን የሚገፋው ግፊት ነው፤ ውኃ ከከፍተኛ ቦታ ሲወርድ እንደሚበረታ ማለት ነው። በኢትዮጵያ በቤት ውስጥ ያለው ግፊት 220 ቮልት ነው። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ ብዛት ነው፤ ይህም በቦይ እንደሚያልፍ የውኃ ብዛት ነው። ዋት ደግሞ ከሁለቱ የሚገኘው የሥራ ኀይል ነው። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ዋቱ ይገኛል፤ ዋቱ ለ220 ሲካፈል አምፔሩ ይታወቃል።

የዋቱ ልክ በየዕቃው ጀርባ ወይም ግርጌ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዛሬው ጊዜ የሚሸጠው ቍጠባ አምፖል 10 ዋት ያህል ብቻ ይወስዳል፤ ቴሌቪዥን 100፥ ማቀዝቀዣ 150 ዋት ያህል ይበቃቸዋል። ሙቀት የሚሰጡት ዕቃዎች ግን ሆዳሞች ናቸው። ካውያ ከ1,000 ዋት በላይ፥ የወጥ ምድጃና የውኃ ማሞቂያ እያንዳንዳቸው እስከ 2,000 ዋት፥ የእንጀራ ምጣድም ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳሉ። እንግዲህ አንድ ምጣድ የ350 አምፖል ያህል ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ መስመር የሚያከፋፍል ሰው ሶኬቱን ሳይሆን እሳቱን ይቍጠር። ዐሥር ሶኬት ስልክ ብቻ ቢሞላባቸው መስመሩን አይከብዱትም፤ ሁለት ሶኬት ግን ምጣድና ምድጃ ቢሰካባቸው ያቃጥሉታል።

ስለ ሽቦው ጠባቂ

በማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ ያለው ብሬከር፥ በቀድሞውም ቤት ያለው ቫልቮላ፥ የሽቦው ዘበኛ ነው። ሥራው ሽቦው ከሚችለው በላይ ኮረንቲ ሲመጣ መንገዱን መዝጋት ነው። ስለዚህ የብሬከሩ ልክ የሚመረጠው በዕቃው ፍላጎት ሳይሆን በሽቦው ውፍረት ነው። ለመብራት የሚሆነው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ10 አምፔር፥ ለሶኬት የሚሆነው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በ16 አምፔር፥ ለምጣድ የሚሆነው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር በ20 አምፔር ብሬከር ቢጠበቅ መልካም ነው።

ብዙ ቤት የሚጠፋው ይህ ሕግ ሲፈርስ ነው። በአንድ የሶኬት መስመር ላይ ባለ 3,500 ዋት ምጣድና ባለ 2,000 ዋት ምድጃ በአንድነት ቢሰኩ ድምሩ 5,500 ዋት፥ ይኸውም 25 አምፔር ይሆናል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከርም ጥቂት ቈይቶ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሰው «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በ32 አምፔር ያስለውጣል፤ ወይም በተቃጠለው ቫልቮላ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ወይም ሚስማር ያስገባል። መብራቱ አይጠፋምና ሥራው የተቃና ይመስላል። ነገር ግን ዘበኛው ተባሮ በሩ ክፍት ቀርቷል። በሽቦ ውስጥ ያለው ሙቀት የሚያድገው በኮረንቲው ልክ ብቻ አይደለም፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ16 ፈንታ 25 አምፔር ሲያልፍ ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ስለ ተሸሸገ መጋሉን ማንም አያይም፤ የሚታወቀው ጢስ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ብሬከር ሲወርድ ምሕረት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የሚለወጠው ብሬከሩ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው።

ሰፊውን ቤት ስለ ማከፋፈል

ምሳሌ ይሆን ዘንድ፥ አንድ ሱቅ፥ አንድ እልፍኝ፥ ሦስት መኝታ ቤት፥ በጓሮ ያለ ወጥ ቤትና ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ቤት ይታሰብ። መስመሮቹ ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ሣጥን ተነሥተው፥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየራሳቸው ይሄዳሉ።

1ኛ፥ የሱቅ፥ የእልፍኝና የመኝታ ቤት መብራት፤ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ብሬከሩ 10 አምፔር።
2ኛ፥ የወጥ ቤት፥ የግቢና የሚከራዩት ክፍሎች መብራት፤ ልኩ እንደ 1ኛው።
3ኛ፥ የሱቅና የእልፍኝ ሶኬቶች፤ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ብሬከሩ 16 አምፔር።
4ኛ፥ የሦስቱ መኝታ ቤቶች ሶኬቶች፤ ልኩ እንደ 3ኛው።
5ኛ፥ የወጥ ቤት ሶኬቶች፥ ምድጃና ማቀዝቀዣ የሚሰኩባቸው፤ ልኩ እንደ 3ኛው።
6ኛ፥ የምጣድ ብቻ፤ ሽቦው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ብሬከሩ 20 አምፔር።
7ኛ፥ የውኃ ማሞቂያ ብቻ፤ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ብሬከሩ 16 አምፔር።
8ኛ፥ የሚከራዩት ክፍሎች ሶኬቶች፤ ልኩ እንደ 3ኛው።

መብራትና ሶኬት የተለያዩበት ምክንያት፥ በሶኬት በኩል ጉዳት ደርሶ ብሬከር ቢወርድ ቤቱ እንዳይጨልም ነው። መብራቱም ለሁለት መከፈሉ፥ አንዱ ወገን ቢጠፋ በሌላው ብርሃን ለመሥራት ነው። እያንዳንዱ መስመር የሚሄድበት፥ የሚመለስበትና የመሬት ሽቦ የራሱ ሊኖረው ይገባል፤ የአንዱ መስመር መመለሻ ለሌላው አይዋስም። ማከፋፈያውም ሣጥን ባዶ ቦታ የተረፈው ይሁን፤ ቤተሰብ ይበዛል፥ ዕቃም ይጨመራልና።

ምጣዱ ለብቻው የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቤት ሶኬት የሚያልፈው ልክ 16 አምፔር ሲሆን፥ ይህ በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ሶኬቱን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ባለ 4,000 ዋት የሆነው 18 አምፔር ስለሚወስድ ልኩን ያልፋል። ሶኬቱ መጥቈሩ፥ የሚሰካው ጫፍ መቅለጡና የፕላስቲክ ሽታ መምጣቱ የዚሁ ምልክት ነው። ስለዚህ የምጣድ ሽቦ በሶኬት ሳይሆን፥ ልኩን በሚችል ማብሪያና ማጥፊያ በኩል ተጠብቆ ቢታሰር ይሻላል። ምጣድን በዲቫይደር ላይ መሰካት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ስለ ጠቅላላው ድምር

የቤቱ ዕቃ ሁሉ ቢደመር፥ ምጣዱ 3,500፥ ምድጃው 2,000፥ ማሞቂያው 2,000፥ ካውያው 1,200፥ ማቀዝቀዣው 150፥ ቴሌቪዥኑ 100፥ ዐሥራ ሁለቱ አምፖል 120፥ ጠቅላላው 9,070 ዋት፥ ይኸውም 41 አምፔር ይሆናል። ነገር ግን ሁሉ በአንድ ሰዓት አይበራም። እንጀራ የሚጋገረው በየሰዓቱ አይደለም፤ ልብስም የሚተኰሰው በሌላ ጊዜ ነው። ማሞቂያውና ካውያው ጠፍተው ሌላው ሁሉ ቢበራ 5,870 ዋት፥ ማለት 27 አምፔር ያህል ነው። ስለዚህ የቤት እመቤቲቱ የምጣድንና የማሞቂያን ሰዓት ብትለይ፥ ትልቅ ቆጣሪ የሚተካ ጥበብ ይሆናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባል፥ ትንንሾቹም ሲያብሩ ዋናውን መስመር ይከብዱታል። በመሆኑም ባለቤቱ ድምሩን በወረቀት ጽፎ፥ ቤቱ ሳይለሰን ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሄዶ ቆጣሪው ይህን ሸክም የሚችል መሆኑን ይጠይቅ። የማይችል ከሆነ፥ ሸክሙ በሦስት ተከፍሎ የሚመጣበትን ባለ 380 ቮልት መስመር ማስገባት ይቻል እንደ ሆነ ይመክር። እስከ ቆጣሪው ያለው የመሥሪያ ቤቱ፥ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ኀላፊነት ነው።

ስለ እንግሊዞች ቀለበት

በእንግሊዝ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሌላ ዐይነት አሠራር ያገኛል። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መዳብ ስለ ታጣና ብዙ ቤት መሠራት ስለ ነበረበት፥ እንግሊዞች የሶኬት ሽቦ ከማከፋፈያው ተነሥቶ ሶኬቶቹን ሁሉ ዞሮ ወደ ማከፋፈያው እንዲመለስ አደረጉ። ይህ ቀለበት እስከ 100 ካሬ ሜትር ለሚሆን ወለል ያገለግላል። ጠባቂው 30፥ በዛሬውም ጊዜ 32 አምፔር ሲሆን፥ ኮረንቲው በሁለት በኩል ስለሚመጣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይችለዋል።

ይህን አሠራር ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ እንዳለ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር ዕቃው የሚሰካበት ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፍ በውስጡ ከ13 አምፔር የማይበልጥ የራሱ ቫልቮላ አለው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ባለ ሁለት ክብ እግር ጫፍ ግን ይህ የለውም፤ ስለዚህ 32 አምፔር ጠባቂ ለቀጭኑ የዕቃ ሽቦ ጠባቂ አይሆነውም። ደግሞም ቀለበቱ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ሶኬቶቹ ሁሉ እንደ ቀድሞው ይሠራሉና ባለቤቱ ጉዳቱን አያውቅም፤ ሽቦው ግን በአንድ በኩል ብቻ ሁሉን ይሸከማል። የሌላ አገር ሥርዐት ክፉ ባይሆንም፥ ከመሣሪያው ተለይቶ ሲመጣ ያጠፋል።

ስለ ወጥ ቤት ርቀት

በቢቸናና በሞጣ ወጥ ቤት ከዋናው ቤት ርቆ በጓሮ መሠራቱ ለጢሱም ለእሳቱም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሽቦው ሲረዝም ከግፊቱ ጥቂት በመንገድ ይቀራል። ወጥ ቤቱ ከማከፋፈያው 30 ሜትር ቢርቅና ምጣዱ 17 አምፔር ቢወስድ፥ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ7 ቮልት በላይ፥ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር 5 ቮልት ያህል፥ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ደግሞ 3 ቮልት ያህል ይጠፋል። የጠፋው በከንቱ ሽቦውን ያሞቃል፤ ምጣዱም ይዘገያል፥ እንጀራውም ዐይን አያወጣም፤ ቆጣሪው ግን መቍጠሩን አይተውም። ስለዚህ ለሩቅ ወጥ ቤት ወፍራም ሽቦ መግዛት ወጪ ቢመስልም ቍጠባ ነው።

ስለ መሬት ሽቦና ስለ ሰው ሕይወት

እስከዚህ የተነገረው ቤትን ከእሳት ስለ መጠበቅ ነው። ሰውን ከሞት ለመጠበቅ ግን ብሬከር ብቻውን አይበቃም። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰ ኮረንቲ ይበቃል፤ ብሬከሩ ግን ከ16 አምፔር በታች ያለውን አይከለክልም። ስለዚህ ሁለት ጠባቂዎች ይጨመራሉ።

የመዠመሪያው የመሬት ሽቦ ነው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ይህ ሽቦ የምጣድን፥ የማቀዝቀዣንና የማሞቂያን ብረት ይዞ፥ እርጥበት በማያጣው መሬት ውስጥ ጠልቆ ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ጋራ ይታሰራል። ኮረንቲ ከልባሱ አምልጦ ወደ ብረቱ ቢመጣ፥ በጋጋሪዋ እጅ በማለፍ ፈንታ ወደ መሬት ይሄዳል። ይህ ቀለም ለሌላ ሥራ አይዋል። 2ኛው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ እያመዛዘነ፥ የ0.03 አምፔር ልዩነት ሲያገኝ ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ መስመሩን የሚቈርጥ መሣሪያ ነው። በላዩ ያለው የመፈተኛ ቍልፍ በየወሩ እየተጫነ መሥራቱ ይታይ። ገንዘብ ቢያንስ፥ እጅ በሊጥና በውኃ በሚርስበት በወጥ ቤት መስመር ላይ አስቀድሞ ይግባ።

ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ተከራይ ክፍል

ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭድ ጋራ ከተረገጠ ጭቃ በተሠራ ቤት ሽቦ እንዲሁ በምርጉ ውስጥ አይቀበር፤ በቱቦ ይግባ። ከቆርቆሮው በታች በጨርቅ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት በተወጠረ ኮርኒስ ላይ የተጣለ ሽቦ፥ አይጥ ልባሱን ከበላው፥ ከጨርቁ ጋራ እሳት፥ ከቆርቆሮው ጋራ ደግሞ ሞት ይሆናል። መገጣጠሚያው ሁሉ በሣጥን ውስጥ ይሁን፤ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ በጣራ ሥር አይሰወር።

ተከራይም ምጣድ ወይም ምድጃ አምጥቶ ሲሰካ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ባለቤቱም የመስመሩን ልክ ይንገረው። በዐጥር ላይ ወይም በዛፍ ላይ አንጠልጥሎ ከጎረቤት ቤት መብራት መሳብ ለጊዜው ደግነት ቢመስልም፥ በክረምት ነፋስ ተበጥሶ በመንገደኛና በከብት ላይ ይወድቃል።

የመምህራንና የሽማግሎች ሥራ

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ሰውን የመብራት ሠራተኛ አያደርገውም፤ ሥራው ፈቃድ ላለው ዐዋቂ ይሰጥ። ባለቤቱ ግን ምን እንደሚያዝ ካላወቀ ዐዋቂውም በታዘዘው ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ መምህራን የሒሳብ ትምህርት በሚያስተምሩበት ጊዜ፥ እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን ወይም የዘመዱን ቤት ዕቃ በዋት ጽፎ እንዲያመጣ፥ ደምሮም ለ220 እንዲያካፍል፥ የቤቱንም ሥዕል ሥሎ መስመሮቹን በልዩ ልዩ ቀለም እንዲያሳይ ቢያደርጉ ይጠቅማል። ልጁ ይህን ወረቀት ለአባቱና ለእናቱ ሲያሳይ፥ ትምህርቱ ወደ ቤት ገባ ማለት ነው። ሶኬት መንካትና መፍታት ግን ለተማሪ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ሽማግሎችም በመንደር አዲስ ቤት ሲሠራ የምሰሶውንና የበሩን ነገር እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ «ምጣዱ ለብቻው መስመር አለውን? የመሬት ሽቦስ ተተክሏልን? ብሬከሩስ ከሽቦው ጋራ ይስማማልን?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ሦስት ጥያቄ ከምርጉ በፊት ሲጠየቅ መልሱ የጥቂት ሜትር ሽቦ ዋጋ ነው። ከተለሰነ በኋላ ሲጠየቅ ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል። ከተቃጠለ በኋላ ግን ለጥያቄውም መልስ አይገኝለትም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።